የአንዲት ጉርሻ ጣጣ

መስታወት ግዛውን ባየችው በመጀመሪያው ቀን ጁስ ሸሚዙ ላይ ደፋችበት። እንኳን ደፋች! ባትደፋ ኖሮ ቀና ብሎም አያያት።

ቀኑ ፋሲካ ነበር። እሷ ከዙሪክ መዘምራን ጋር ጄኔቫ፣ ኦኔ ሰፈር ወዳለችው ትንሽ ቤተክርስቲያን መጥታለች። እሱ በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ማግስት ከአገር የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የሁለት ዓመት ልጁን ናኒን ብቻውን ያሳድጋል።

«ወይኔ! ይቅርታ ወንድሜ!»

«ችግር የለም እህቴ። ይልቅ ልጄን ያዢልኝ፣ ታጥቤ ልምጣ።»

ናኒን አቀፈቻት። መቼም ሰውዬው ዓይኗ ውስጥ ገብቷል፤ ልጁን ማባበል አማራት። ከፊቷ ካለው ጥሬ ክትፎ ትንሽ አጎረሰቻት። ናኒ ወደደችው፤ ደገመቻት። ግዛው ሲመለስ ልጁ ደረቷ ላይ ተለጥፋ ትስቃለች።

«እሷ እኮ ሰው አትቀርብም! ምን አድርገሽ ነው?»

«ምስጢር ነው!»

ስልክ ተለዋወጡ። ሰኞ ደወለ። ማክሰኞ ሁለቴ ደወለ። ሐሙስ በምሳ ሰዓት ሲደውል ግን ድምፁ ሌላ ነበር።

«ናኒን እያስቀመጣት ነው... ዛሬ ደም አለው!»

«ሐኪም አይቷታል?»

«ትናንት። ምን በላች ሲሉኝ ፓስታና እርጎ አልኩ፤ ውሃ አጠጣት ብለው መለሱን። የሚጠብቋት እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው ጉዱን ያመጡት! እጃቸውን ሳይታጠቡ እያበሏት! ሁለተኛ ልጄን አይንኩ ብዬ አባረርኳቸው። አሁን ከአዲስ አበባ ያስመጣሁትን አንቲባዮቲክ በጥብጬ ልሰጣት ነው።»

መስታወት ክው አለች። ዙሪክ አጠገብ ኡስተር ከተማ ውስጥ የነርስ ረዳት ለመሆን አውስቢልዱንግ፣ የሙያ ሥልጠና ላይ ናት፤ ይህንን ተምራዋለች። ከጥሬ ሥጋ የሚመጣ ባክቴሪያ አለ። ሕፃን ልጅን ደም ያስቀምጣል፣ አልፎም ኩላሊት ይጎዳል። አንቲባዮቲክ ደግሞ ሊያባብሰው ይችላል። ብትናገር ግዛውን አጣችው። ዝም ብትልስ?... ናኒስ? ያለ ጥፋታቸው የተባረሩት ሴትዮስ?

«ግዛው፣ እንዳትሰጣት!»

«ለምን?»

«ጥሬ ክትፎ አጉርሻታለሁ። ሁለት ጊዜ... እኔ ነኝ።»

«ለሁለት ዓመት ልጅ?!»

«አዎ። ስለ ጌታ ብለህ ሆስፒታል ውሰዳት! ጥሬ ሥጋ በልታለች በላቸው!»

ስልኩ ተዘጋ።

ደጋግማ ደወለች፣ አያነሳም። መድኃኒቱን ይስጣት አይስጣት አታውቅም። እስከ ጄኔቫ ባቡር ውስጥ ጥፍሯን በልታ ጨረሰች። ሆስፒታል ስትደርስ ግዛው ኮሪደሩ ላይ ቆሟል።

«ሰጠሃት?»

«አልሰጠኋትም።» ፊቱን አዞረ። «ሰገራዋን መረመሩ፣ ያልሽው ባክቴሪያ ነው። ኩላሊቷን እንዳይነካ መጠበቅ ነው አሉ። አሁን ሂጂልኝ!»

ከፊቱ ዞር አለች፣ ከከተማው ግን አልወጣችም። አድራሻቸውን ከቤተክርስቲያን ሰዎች ጠይቃ፣ ቬርኒየ ሰፈር እትዬ ጥሩወርቅ ቤት ሄዳ እግራቸው ላይ ወደቀች። እሳቸውም አንስተው እዚያው አሳደሯት። በየቀኑ ሆስፒታል ሄዳ በር ላይ ትቀመጣለች፣ ግዛው በአጠገቧ ያልፋል፣ አያናግራትም።

ሰኞ የናኒ ሽንት ቆመ። ሐኪሞቹ እስከ ነገ ካልሸናች ደሟን በማሽን እናጥባለን አሉ። ይኼኔ ከመስታወት ጋር የመጡት እትዬ ጥሩወርቅ ግዛውን ክንዱን ያዙት።

«እኔን በሐሰት አባረርከኝ። ይህቺ ልጅ አፏን ብትይዝ ኖሮ ጥፋቱ በእኔ ተላክኮ ይቀር ነበር፣ ልጅህንም አንተው በእጅህ ትጎዳት ነበር። እስቲ ሰው ሁን!»

ክንዱን አስለቅቆ ወደ ናኒ ክፍል ገባ።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ብርግድ አለ። ግዛው የናኒን ዳይፐር እንደያዘ እየሮጠ ወጣ።

«ሸናች! መስታወት፣ ሸናች! ያዢው እስቲ፣ ከብዷል እኮ!»

ሁለቱም እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው ተንሰቀሰቁ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች።

«አውቃለሁ። ንዴቴም ገና አልበረደም። ግን እኔን እንደምታጪኝ እያወቅሽ ነው የነገርሽኝ... አትሂጂ።»

አልሄደችም። በዓመቱ ተጋቡ። የናኒን ኩላሊት በየስድስት ወሩ ያሳያሉ፤ ወረቀቱ ላይ «እናት» በሚለው ቦታ የምትፈርመው መስታወት ናት።