ከድንጋዩ የሚፋቀው ቃል

የወታደሩ መዶሻ እጀታ በዋትኪን ትከሻ ላይ ጓ ብሎ አረፈ። ልጁ ግን ከእናቱ መቃብር ድንጋይ ላይ አልተነሳም፤ በደረቱ እንደተኛ ጥርሱን ነከሰ። የአሥራ አራት ዓመቷ ሲስሊ ወደ ወንድሟ ስትሮጥ አንዱ ወታደር ጸጉሯን ጨምድዶ ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ጋር አላተማት። ከንፈሯ ተሰነጠቀ።

«ለሙታን ጸልዩ የሚል ቃል ሁሉ በንጉሡ ትእዛዝ ይፋቃል» አለ የወታደሮቹ ሹም፣ ሥራው እንደሰለቸው ሰው። «ስም አንነካም። ግን ይሄ ምንድን ነው? ‹ለአሊስ ነፍስ አንድ ኦሪዞን አድርሱ› ይላል። ሰምቼው አላውቅም። አባ፣ እርስዎ ያውቁታል?»

አባ ሃምፍሪ መሬት መሬቱን አዩ። «አላውቀውም፣ ጌታዬ።»

ሲስሊ ጆሮዋን አላመነችም። ፊደል ሲያስቆጥሯት የቃሉን ታሪክ የነገሯት እሳቸው ናቸው። ቃሉ በላቲን መናገር፣ አፍ ከፍቶ መማጸን ነበር፤ ፈረንሳዮች ወሰዱት፤ የፈረንሳይ ጌቶች ሰይፍ ይዘው ባሕር ተሻግረው ይህን አገር ሲይዙ እሱንም ይዘውት መጡ። ገበሬው በለመደው ቃል ሲጸልይ፣ ይሄኛው በመጽሐፍና በጌቶች ቤት ቀረ። እናቷ እዚያ አገልጋይ ሆና የእመቤቲቱን አልጋ ስታነጥፍ ለቀመችው። «እኛ ብንለው አፋችን ይቆስላል?» ትል ነበር። አባ ያን ሁሉ ሲያስረዱ ደረታቸውን ነፍተው ነበር። የተማረ ሰው እውቀቱ ዱላ እስኪመጣ ነው።

«የማይታወቅ ቃል ተንኮል አያጣውም» አለ ሹሙ። «ድንጋዩን በሙሉ አድቅቁት። ልጁ ካልተነሳ ከነእሱ።»

«ተነስ፣ አንተ ጥጃ» አለ ባለመዶሻው። «አጥንትህ ከድንጋይ አይጠነክርም።»

ዋትኪን የባለመዶሻው ጫማ ላይ ደም ተፋበት። ሰውየው ጎኑን ረገጠው፤ የሆነ ነገር ቀጭ ሲል ሁሉም ሰማ።

ሲስሊ የቃሉን ትርጉም ብትናገር ቃሉ ይፋቃል። ዝም ብትል የእናቷ ስምም ወንድሟም አብረው ይሄዳሉ።

«ጸሎት ማለት ነው» አለች ሲስሊ።

ሹሙ ዞረ። «ማን አስተማረሽ?»

የአባ ሃምፍሪ ፊት አመድ መሰለ። ሲስሊ አየቻቸው።

«እናቴ» አለች። «ቃሉ ብቻ ይነሳ። መሮውን ስጡኝ። ሰዎችህ ስሟንም ይገምሱታል።»

ሹሙ በአገጩ ምልክት ሰጠ። መሮና መዶሻ እግሯ ሥር ተወረወረላት።

«ሲስ፣ እንዳታደርጊው» አለ ዋትኪን እያቃሰተ።

«ዝም በልና ስሟን ሸፍንልኝ።»

ተንፏቆ ከቃሉ ላይ ወረደ፤ በደም የራሰ መዳፉንም አሊስ በሚለው ላይ ዘረጋ። ሲስሊ ተንበርክካ መሮውን ከመጀመሪያው ፊደል ላይ አቆመች። መዶሻውን አነሳች።