ከቴስታታው ስር የተገኘው ውሃ

የማያምነኝ ካለ እንጅባራ መጥቶ ባሌን ይጨብጠው። ሌላ ማስረጃ የለኝም። ግን በገዛ ግቢዬ፣ ዓይኔ እያየ የሆነ ነገር ነው።

ሌሊት አልነበረም። ባለፈው ሐምሌ፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ዝናቡ አባርቶ ጉሙ አጥሩ ላይ ተኝቶ ነበር።

ባሌ ውቤ የጭነት መኪና አለው። ከአዲስ ቅዳም ከሰል ጭኖ ይሄዳል። አፉ ግን ከመኪናው ይበልጣል። የማያውቀው ነገር የለም... በራሱ አፍ ሲነገር።

አርብ ዕለት መኪናው ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ፈላበት። ከሐይቁ በጀሪካን ቀድቶ ሞላና ነጭ ጭስ እያስተፋ ወደ ቤት መለሰው።

"የቴስታታ ጋስኬት ነው የተቃጠለው" አለኝ። ቴስታታ የሞተሩ ክዳን ነው። ጋስኬቷ በክዳኑና በሞተሩ መሃል ያለች ስስ ነገር ናት፤ ስትቃጠል ውሃ ወደ ሞተሩ ይገባል።

"ታዲያ ጋራዥ ውሰደው።"

"ጋራዥ? እኔ ውቤ? ለአንዲት ጋስኬት?"

ይልቅ ምስጋናውን ጠራ። ምስጋናው ሞባይል ጠጋኝ ነው። ስልክ የፈታ ሁሉ የናፍጣ ሞተር የሚፈታ ይመስለዋል። ቪዲዮ ከፍቶ ስልኩን ድንጋይ ላይ አቆመና ሁለቱ ጀግኖች ሥራ ጀመሩ።

መጀመሪያ ውሃውን አፈሰሱ። አንድ ጀሪካን ሞላ።

ሁለተኛው ሞላ።

ሦስተኛው...

አራተኛውን ጀሪካን እኔ ነኝ ከጓዳ ያመጣሁላቸው።

"አንድ ጀሪካን አይደል እንዴ የሚይዘው? ይሄ ሁሉ ከየት መጣ?" አልኩ።

"ሞተር ውስጥ ይጠራቀማል" አለ ውቤ።

"አዎ፣ ግፊት ነው" አለ ምስጋናው፣ ራሱን እየነቀነቀ።

አንዱ ደንቆሮ ለሌላው ምስክር ሲሆን እንዲህ ነው።

ጣቴን ነከርኩት። ሞተሩን ከግማሽ ሰዓት በፊት አስነስተውት ነበር። ውሃው ግን አጥንት ድረስ ይቀዘቅዛል። ዘይት የለው፣ ዝገት የለው... ኩልል ያለ።

ብሎኖቹን ፈቱ። ቴስታታውን እያቃሰቱ አነሱት።

ከዚያ ዝም አሉ።

ውቤ ዝም ሲል ሰምቼ ስለማላውቅ ተጠጋሁ። አራቱ የሞተሩ ቀዳዳዎች እስከ አፋቸው ውሃ ሞልተዋል። ጥርት ያለ ነው። ታች ግን አይታይም።

"ፒስተኑስ?" አለ ምስጋናው በሹክሹክታ።

ካቻቢቴ ሰደደ። አልነካም። ረጅም ሽቦ ሰደደ። አንድ ሜትር ገባ... ሁለት ሜትር ገባ...

ጎንበስ ብዬ ከመኪናው ስር አየሁ። ዝናቡ ያልደረሰበት መሬት ደረቅ ነው። ወደ ታች የወጣ ሽቦ የለም።

ያኔ ሽቦው ከምስጋናው ጣቶች ላይ ተንሸራተተ። ቀስ ብሎ። ወደ ታች።

"አንተ ነህ የለቀቅከው?" አለ ውቤ።

"አልለቀቅኩም... ተሳበ።"

"ፈሪ!" ብሎ እጅጌውን ጠቀለለ።

"ውቤ፣ ተው።"

"አንቺ ዝም በይ!"

ቀኝ እጁን በሦስተኛው ቀዳዳ ሰደደ። እስከ ክርኑ። እስከ ብብቱ። ጉንጩ ብረቱ ላይ ተለጥፎ ይስቃል።

"ይኸው! ምንም የ..."

ሳቁ ቆመ።

"ናርዶስ..."

"ምን ሆንክ?"

"ጨበጠኝ።"

"ማን?"

"እንጃ... ሰላም እያለኝ ነው... አይለቅም..."

ወገቡን ይዤ ሳብኩት። ምስጋናው የታለ? አጥር ዘሎ ሄዷል፣ ጀግናው! ስልኩ ብቻ ድንጋዩ ላይ ስለ ጋስኬት ያስተምራል።

እግሬን ጎማው ላይ ተክዬ ባለ በሌለ ኃይሌ ሳብኩ። ድንገት ለቀቀና ሁለታችንም ጭቃው ላይ ወደቅን። ብድግ ብዬ ሳይ ውሃው የለም። አራቱ ፒስተኖች ጥቁር ዘይት እንደተቀቡ ቁጭ ብለዋል።

ውቤ ተነሳ። ቀሚሴን አራገፈልኝ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ። ተጎዱ እንዴ?" አለኝ።

የሚቀልድ መስሎኝ በደንብ ሰደብኩት። እሱ ግን አስቀድሞ የገዛውን አዲስ ጋስኬት ለብቻው አስገባ። ቪዲዮ ሳያይ፣ አንድም ቃል ሳይናገር ብሎኖቹን አጠበቀ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ መኪናው በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሌ "እርስዎ" ይለኛል። ስገባ ይነሳልኛል። ማዕድ ላይ እኔ ሳልጀምር አይጀምርም።

ጎረቤቶቼ "ታድለሽ! እንዴት ያለ ጨዋ ሆነልሽ!" ይላሉ። ጅሎች! በየጠዋቱ "እንደምን አደሩ?" ብሎ የሚጨብጠው እነሱን አይደለማ። ሰውነቱ ሁሉ ሙቅ ነው። ቀኝ እጁ ግን ከጣቱ እስከ ብብቱ ያ ውሃ ነው።

ምስጋናው ደግሞ መንገድ ላይ ሲያየኝ ይሻገራል። ስልኩን እንኳ ሊወስድ አልመጣም።

ያንን ጉረኛ አፍ ንቄው ነበር የኖርኩት። አሁን "አንተ ደንቆሮ! አንተ ባዶ!" እያልኩ እቆሰቁሰዋለሁ፤ አንዴ ቱግ ቢልልኝ ብዬ። "እሺ" ይለኛል፣ ጎንበስ ብሎ።

ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከጓሮ ድምፅ ሰማሁ። ወጣሁ።

መሰላል አቁሞ የውሃ ሮቷችን ላይ ወጥቷል። ክዳኑን ከፍቶ አንገቱን ወደ ውስጥ አስገብቷል። ያንሾካሹካል... ያዳምጣል... ቀስ ብሎ ይስቃል።

"ከማን ጋር ነው የምታወራው?" አልኩት።

ቀና አለ። ሮቶው ሙሉ ቢሆንም ፊቱ ላይ የውሃ ጠብታ የለም።

"ስለ እርስዎ እየጠየቁኝ ነው" አለኝ። "ወደ እኛ መቼ ነው የሚመጡት ይላሉ።"

ክዳኑን ክፍት ትቶ ወረደ። ከዚያ መሰላሉን በሁለት እጁ ደግፎ ያዘልኝ... ስወጣ እንዳይንሸራተትብኝ።