የሚቀየረው ትኬት

ሱሩር የሞተው ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ካዛንቺስ ባለው ቢሮው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። በማግስቱ ከታናሽ ወንድሙ ከኢብሮና ከሸሪኩ ከሙሐሲን ጋር ወደ ዱባይ ሊበር ነበር። የገደለው መርዝ ስኳር ዕቃው ውስጥ ተገኘ። ሻዩን የቀዳችው ጸሐፊዋ ሀኒ ዕለቱን ታሰረች፤ የስምንት ወር ልጇን ለጎረቤት ጥላ ሄደች።

ኢንስፔክተር ፍረወይኒ ቢሮውን ዞር ዞር ብላ አየችና ከንፈሯን አጣመመች። የሚሊዮን ብር የስልክ ሽፋን የሚያስመጡ ነጋዴዎች አንዷን የሻይ ከረጢት ለሦስት ብርጭቆ ይነክሯታል። ቁጠባ የሚሉት ይህንን ከሆነ፣ በሽታ የሚሉት የቱን ይሆን?

መጀመሪያ ኢብሮን ጠራችው።

«ከእናንተ ስኳር የሚጠቀመው ማነው?»

«ወንድሜ ብቻ። እኔ አልወድም፤ ጋሽ ሙሐሲን ደግሞ ስኳር በሽታ አለባቸው።»

«ዱባይ ምን ልትሠሩ ነበር?»

«ማለቴ... ወንድሜ አከፋፋዩን ሊያስተዋውቀኝ ነበር። ከጋሽ ሙሐሲን ጋር ያለውን ሽርክና አፍርሶ ከእኔ ጋር ሊሠራ አስቦ ነው። እስካሁን ሰውየውን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው።»

«ትኬትህስ?»

«ተቃጠለ በቃ! ርካሹ ትኬት እኮ ቀኑም አይቀየርም፣ ብሩም አይመለስም። የወንድሜን ለቅሶ ጥዬ ልሂድ?» አለና፣ ስለ ትኬት በመቆጨቱ አፍሮ አቀረቀረ።

ሙሐሲንን ያገኘችው ላንቻ፣ ለቅሶ ቤት ነው። ከዘመድ ሁሉ ፊት ተቀምጦ ፊቱን በነጠላ ይጠርጋል። እንባ ግን አልነበረም።

«የእርስዎም ትኬት ተቃጠለ?»

«የለም፣ ለሚቀጥለው ረቡዕ አዛውሬዋለሁ» አለ እንደ ዋዛ።

ፍረወይኒ በቀጥታ ወደ ሀኒ ሄደች።

«ትኬቶቹን የቆረጥሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ ሰኞ ዕለት፣ ሦስቱንም በርካሹ ልቆርጥ ነበር። ጋሽ ሙሐሲን ለብቻቸው ደውለው ‹የእኔን የሚቀየረው አድርጊው፣ ለማንም አትንገሪ› አሉኝ። አራት ሺህ ብር ጨመሩበት። ገርሞኝ ነበር።»

«ምኑ ገረመሽ?»

«የሻንጣ ላለመክፈል ሦስት ጃኬት ደርበው የሚሳፈሩ ሰው ናቸው እኮ!»

ለቅሶው እንደተነሣ፣ ኢንስፔክተሯ ሀኒን ጨምሮ ሁሉንም ቢሮው ውስጥ ሰበሰበች።

«ሀኒ ሻዩን ቀዳች፤ ስኳሩን የጨመረው ሟቹ ራሱ ነው። መርዙን ከዋዜማው ጀምሮ ማናችሁም ልትቀላቅሉት ትችሉ ነበር። ስለዚህ ሌላ ነገር ጠየቅሁ፤ ሱሩር እንደሚሞት ቀድሞ ያወቀው ማነው?»

የሁሉንም ፊት በየተራ አየች።

«ሐሙስ ሰው ከሞተ፣ ወንድምና ሸሪክ አርብ አይበሩም። ለቅሶ ጥሎ የሄደን ነጋዴ ደግሞ ማን ሁለተኛ ያምነዋል? ይህን አስቦ፣ ገና ሰኞ ዕለት ቀኑ የሚቀየር ትኬት በምስጢር የቆረጠ አንድ ሰው አለ።»

«ሰው ይጠነቀቃል!» አለ ሙሐሲን። «ጥንቃቄ ወንጀል ሆነ?»

«አልሆነም። ግን እርስዎ ተጠንቅቀው አያውቁም። ሀኒ እንደነገረችኝ፣ ባለፈው ረመዳን ኢብሮ የሚቀየረውን ሲቆርጥ ‹ጅል› ብለው የሳቁበት እርስዎ ነዎት። ሱሩር ዱባይ ከደረሰ ሽርክናው ያበቃል፤ ከሞተ ግን አከፋፋዩን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ይሆናሉ። የሰው ነፍስ አላሳሳዎትም፤ ትኬትዎ ግን አሳሳዎት።»

«ሠላሳ ሺህ ብር ነው እኮ!» ብሎ ጮኸ ሙሐሲን። «እንደማልሄድ እያወቅሁ ላቃጥለው?»

ያለውን የሰማው እሱ ራሱ ከሁሉም ዘግይቶ ነበር። ኢብሮ ሊያንቀው ተነሣ፤ በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ያዘው።

ካቴናው ሲገባለት ሙሐሲን ወደ ሀኒ ዞረ። ይቅርታ ሊጠይቃት መስሎ ነበር።

«ሀኒ፣ ያ የረቡዑ ትኬት... ብሩ አይመለስም?»

ሀኒ ነጠላዋን እያጣፋች ተነሣች። አራት ቀን ያልጠባው ጡቷ ቀሚሷን አርሶታል።

«አይመለስም፣ ጋሽ ሙሐሲን። የሚቀየረው ቀኑ ብቻ ነው» አለችውና ወደ ልጇ ሮጠች።