ደጅ አውጥተሽ አየሽው?

ስለ ጉንጭ ቀለም የምትጠዪውን ቁጠሪ ብትሉኝ ቶሎ አልጨርስም። ብልጭልጭ ያለበትን አልወድም፤ ሴቲቱን ያሳመራት ሳይሆን ያላባት ያስመስላል። ሳጥኑ ውስጥ የሚከቷትን ሚጢጢ ብሩሽ አልወድም፤ ፀጉሯ ሳምንት አይበረክትም፣ ጉንጭ ላይም መስመር ከማስመር በቀር የምትሠራው የለም። ለማሳያ በተከፈተ ቀለም ውስጥ ጣቷን የምትነክር ደንበኛ ደሜን ታፈላዋለች። ክዳኑ በወጉ የማይገጥም፣ ቦርሳ ውስጥ ተፈርፍሮ ቁልፉንም መሐረቡንም የሚያቀላ ሳጥንማ አይነሳ። ከሁሉም በላይ ግን በሱቅ መብራት ተመርጦ የተገዛ ቀለም አልወድም።

ይህን የመጨረሻውን ላገኘሁት ሰው ሁሉ ስሰብክ ኖሬ፣ ራሴ አንድ ቀን ረሳሁት። ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ ታቹ ቆርቆሮው የታየ ባዶ የቀለም ሳጥን አለ። ሠሪዎቹ ያን ቀለም መሥራት ካቆሙ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ልጥለው አነሳውና መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። አክስቴ ከአንድ አሮጌ ፎቅ ሥር የመዋቢያ ዕቃ ሱቅ ነበራት፤ ጠባብ፣ ወደ ውስጥ የረዘመ፣ መስኮት የሌለው። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናትና ሱቁም ቤቴ ነበር። ጣሪያው ላይ አንድ ቢጫ መብራት ብቻ ይበራል። በዚያ መብራት ሥር ሐምራዊው ሮዝ ይመስላል፣ ሮዙ ብርቱካን፣ የሁሉም ሴት ፊት ደግሞ የታመመ።

ስለዚህ አንድ ደንብ አወጣሁ። ደንበኛዋን ደጃፍ አወጣና የእጅ መስታወት አስይዛታለሁ። አንድ ጉንጯን ብቻ እቀባለሁ፤ ሌላው እንድታወዳድር ባዶውን ይቀራል። ከዚያ ፈገግ በይ እላታለሁ። ካላማራት ጠርጌላት ወደ ውስጥ እንመለሳለን። መንገደኛው አንድ ጉንጯ የቀላ ሴት ሱቃችን ደጃፍ ቆማ ለብቻዋ ስትስቅ ማየት ለምዶ ነበር። አክስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «አንቺ ልጅ፣ ሱቄን አስፋልት ላይ አወጣሽው እኮ» እያለች ታጉረመርማለች። ደንበኛው እየበዛ ሲሄድ ግን ማጉረምረሙን ቀነሰችው።

እኔ ራሴ አልቀባም ነበር። ለሚጠይቀኝ «አልወድም» እላለሁ። እውነቱ ሌላ ነው። መልኬ ጥቁር ነው፤ ያኔ ወደ ሱቃችን የሚመጣው ቀለም ሁሉ ፈዛዛ ሮዝ ነበርና እኔ ላይ ሲሆን አመድ የነሰነሱብኝ ያስመስላል። ትምህርት ቤት «ጥላሸት» ብለው ይጠሩኝ ነበር። በጥላሸት ላይ አመድ ጨምሮ አደባባይ መውጣት ማን ይፈልጋል? አልወድም ማለት ይቀላል።

ከመንገዱ ማዶ ፎቶ ቤት ነበር። አንድ ቀን አዲሱ ፎቶ አንሺ፣ የሸሚዙ እጅጌ በፎቶ ማጠቢያ መድኃኒት የወየበ ቀጭን ሰው፣ አንዲት ፎቶ እንደ መጥሪያ ወረቀት ይዞ ገባ። ፎቶው ላይ የምርቃት ጋዋን የለበሰች ነርስ አለች። ፊቷ ዘይት የፈሰሰበት ይመስላል።

«ደንበኛዬ በላብ ተጠምቃ ወጣች። የቀባሻት አንቺ ነሽ አሉ» አለኝ።

በማላውቀው ሰው አንቺ መባሌ ከነከነኝ። እኔ ስናደድ አከብራለሁ። «እኔ ብልጭልጭ አልሸጥም። እርስዎ ግን ፍላሽዎን ትንሽ ራቅ ቢያደርጉት መልካም ነበር» አልኩት።

ፎቶውን ተቀብዬ ደጃፍ ወጣሁ፤ እሱም ተከተለኝ። ብልጭልጩን አሳየሁት። ጉንጯ ላይ የተሰመረውን መስመር፣ የዚያችን ሚጢጢ ብሩሽ ሥራም አሳየሁት። ከኛ ሱቅ እንዳልወጣ ነገርኩት። መጀመሪያ ፎቶውን፣ ቀጥሎ እኔን አየ።

«ይህን ሁሉ ከአንዲት ፎቶ አየሽው?»

«ደጅ አውጥቼ ስላየሁት ነው።»

ይቅርታ ጠየቀኝና ሳቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ወይዘሪት ደጃፍ ሆነ።

ቀትር ላይ ገበያ ቀዝቀዝ ሲል ይመጣ ጀመር። ያነሳቸውን ፎቶዎች ባንኮኒው ላይ ይዘረጋልኛል፤ የትኛዋ ጉንጭ እንደከሸፈችና ለምን እንደከሸፈች እነግረዋለሁ። የፎቶ ቤቱ መብራት ቀይ እንደሚበላ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ስለዚህ ፎቶ ልትነሳ የምትሄደውን አንድ ደረጃ ጠንከር አድርጌ እቀባት ነበር። እሱ በበኩሉ ፍላሹን ትቶ ሰዉን መስኮት አጠገብ ማንሳት ለመደ። ቀለም የሚጀምረው ከጉንጭ አጥንት ላይ ነው ወይስ ከሥሩ በሚል ክርክር አንድ ሙሉ ሳምንት ተኮራርፈናል። ያን የመሰለ ኩርፊያ ከዚያ ወዲህ አላየሁም፤ በየቀኑ እየመጣ ነበር የሚያኮርፈኝ።

አንድ ቀን በክርክር መሃል «አንተ ደግሞ ምኑን ታውቃለህ» አልኩት። ቀጥ አለ።

«አንተ አልሽኝ» አለ ቀስ ብሎ።

መስታወቱን አንስቼ መወልወል ጀመርኩ፤ ንጹሕ ነበር። እሱም አልሄደም። አክስቴ ከውስጥ እስክትጠራኝ ድረስ እኔ ስወለውል እሱ ሲያየኝ ቆየን። እወደው ነበር። ያን ቀን ነው ለራሴ ያመንኩት።

ለምን እንደማልቀባ የጠየቀኝ አንዴ ብቻ ነው። «አልወድም» አልኩት፤ አልጨቀጨቀኝም። በሌላ ቀን ግን አዲስ ፊልም ልሞክር ብሎ ደጃፉ ላይ አቆመኝና እንዳልንቀሳቀስ ለመነኝ። አክስቴ ከውስጥ «ሱቁ አልበቃ ብሎ እሷንም አስፋልት ላይ አወጣት» ስትል ሰማሁና ሳቄ አመለጠኝ። ካሜራው ያኔ ቀጭ አለ። በኋላ ፎቶውን ብጠይቀው ተበላሸ አለኝ።

የፎቶ ቤቱ ባለቤት በአውቶቡስ አምስት ሰዓት በሚያስኬድ ከተማ ቅርንጫፍ ከፈተ፤ እዚያ የሚሠራውም እሱ ሆነ። ሰኞ ነገረኝ፤ የሚሄደው ቅዳሜ ነው። ከመሄዱ በፊት የሚሰጠኝ ነገር እንዳለ፣ ስጦታውን ካየሁ በኋላ ደግሞ አንድ ነገር እንደሚጠይቀኝ ነገረኝ። ምን እንደሚጠይቀኝ አላጣሁትም። መልሱንም በልቤ ደጋግሜ ስመልስለት ሰነበትኩ። አክስቴ «ፎቶ አንሺ ማለት ሰው አቁሞ እሱ የሚሄድ ነው፤ ዋ ብያለሁ» አለችኝ። እኔን ማጣት ፈርታ እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ሐሙስ ጠዋት እየተቻኮለ መጥቶ በፎቶ ፖስታ የተጠቀለለ ትንሽ ሳጥን እጄ ላይ አኖረ። ደጅ ሆኜ እንዳየው፣ ከሰዓት በኋላ እንደሚመለስ ነግሮኝ ደንበኛ ወደሚጠብቀው ሮጠ።

ደጅ እስክወጣ መታገሥ አቃተኝ። እዚያው ቢጫው መብራት ሥር ከፈትኩት። የጉንጭ ቀለም ነበር። ጠቆር ያለ፣ የጡብና የደረቀ ደም ድብልቅ፣ በዚያ መብራት ደግሞ ጭራሽ ጭቃ የሚመስል። እንዲህ ያለ ቀለም በሱቃችን መደርደሪያ ላይ አይቼ አላውቅም። አክስቴ በትከሻዬ በኩል አጮለቀች።

«ውይ፣ ለጥቁር ፊት ጥቁር ቀለም አመጣልሽ?» ብላ ሳቀች።

ክፋት አልነበራትም። እኔ ግን የሰማሁት የትምህርት ቤቱን ግቢ ነው። ያን ሁሉ ቀን ፊቴን ሲያየው የነበረው ለካ እንዲህ አድርጎ ነው ብዬ አሰብኩ። ሳጥኑን ከደንኩና መንገዱን ተሻገርኩ።

ፎቶ ቤቱ ውስጥ ብቻውን ነበር። ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

«ለሚስማማት ሰው ይስጡልኝ» አልኩት።

እርስዎ ማለቴን ሰምቷል። እጁ ላይ የነበረውን ፎቶ ዝቅ አደረገ። አላኮረፈም፣ አልተቆጣም፤ አንዲት ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ደጅ አውጥተሽ አየሽው?»

«አይቼዋለሁ።»

ለማታውቀኝ ሴት ዱቄት እንኳ ደጅ ሳላወጣ የማልሸጥ ሰው፣ ዓይኑን እያየሁ ዋሸሁት። እሱም አመነኝ። በተዋወቅንበት ጊዜ ሁሉ ስላላየሁት ቀለም ተናግሬ አላውቅምና ለምን አያምነኝ? ሳጥኑን መሳቢያ ውስጥ ከተተው። «እንግዲህ አንቺ ካየሽው…» አለና ሳይጨርሰው ቀረ።

ያን የሚጠይቀኝን ነገርም ሳይጠይቀኝ ቀረ። ቅዳሜ ሻንጣውን ይዞ ሲያልፍ ደጃፍ ላይ አንዲት ደንበኛ እየቀባሁ ነበር። እጁን አነሳልኝ። እኔ መስታወቱን አየሁ፤ መስታወቱ ውስጥ የነበረችው ደንበኛዋ ናት።

ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ጠዋት የፎቶ ቤቱ ጸሐፊ መንገዱን ተሻግራ መጣች። መሳቢያውን ስታጸዳ ያንቺ የሚመስል ነገር አገኘሁ ብላ ትልቅ ፖስታ ሰጠችኝ። ውስጡ ያ ሳጥን አለ። ተበላሸ ያለኝ ፎቶም አለ።

ፎቶው ላይ እየሳቅሁ ነው። በፎቶ ማረሚያ ቀለም ጉንጮቼን ቀብቷቸዋል። በነጩ ጠርዝ ላይ ደግሞ የሞካከራቸውን ቀለሞች ነካ ነካ አድርጎ አስቀምጧል፤ ሮዙን ሰርዞታል፣ ብርቱካኑን ሰርዞታል፣ ሌላ አራት ወይም አምስት ሰርዟል። የመጨረሻው የጡቡ ቀለም ነው። እሱ አልተሰረዘም። ከጎኑ በእርሳስ «ስትስቅ» ብሎ ጽፎበታል።

«ይህቺን ፎቶ ኪሱ ከትቶ የዕረፍት ቀኑን ሁሉ ሱቅ ለሱቅ ሲዞር ነበር» አለችኝ ጸሐፊዋ። «ሻጮቹን ሳጥኑን ይዛችሁ ደጅ ውጡልኝ እያለ ሲያስቸግራቸው ያየ ሰው ነግሮኛል። ያንቺ በሽታ ተጋብቶበት ነበር።»

እሷ ስትሄድ መስታወቱን ይዤ ደጃፍ ወጣሁ። የጠዋት ፀሐይ ነበር። በደንቤ መሠረት አንድ ጉንጬን ብቻ ቀባሁ። ጡብ የለም፣ ጭቃም የለም። ደረጃ በሩጫ የወጣሁ፣ ወይም የምወደው ሰው በስሜ የጠራኝ ነው የምመስለው። ባዶውን ጉንጬን አየሁ፣ የተቀባውን አየሁ፣ ከዚያ መስታወቱ ደበዘዘብኝ።

አክስቴ ወጥታ አጠገቤ ቆመች። ሁለቱን ጉንጮቼን አወዳደረች። ሥራዋ ነውና ያወቀችው ወዲያው ነው።

«ያን ቀን የተናገርኩት ለቀልድ ነበር» አለች። ትንሽ ቆይታ «ሌላውንም ቀቢውና ሂጂ» አለችኝ።

«ወዴት?»

«ወዴት እንደሆነ እኔን ነው የምትጠይቂኝ?» ብላ ፊቷን አዞረች። መሐረቧን ፍለጋ ወደ ውስጥ ገባች።

አውቶቡሱ መስኮቱ አልዘጋ ያለ አሮጌ ነበር። አምስት ሰዓት ሙሉ አቧራ ጠጣን። አንዴ አለቀስኩ፣ ሁለቴ አላበኝ፣ አንዴ ደግሞ እንቅልፍ ወስዶኝ ጎኔ ያለችው እናት ትከሻ ላይ ተደፋሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር ሳስብ ሄጄ መጀመሪያውን ሳላገኘው ደረስኩ።

አዲሱ ፎቶ ቤት ገና የቀለም ሽታ ነበረው። መዶሻ ይዞ ግድግዳው ላይ ክፈፍ ይሰቅላል። አልገባሁም። ደጃፉ ላይ ቆምኩ።

«ደጅ አውጥቼ አየሁት» አልኩት።

ዞረ። መዶሻውን የት እንደሚያኖረው ጠፋው። ቀርቦ ፊቴን አየኝ፤ ያን የሥራ አስተያየቱን፣ ከግንባር ጀምሮ ወደታች የሚወርደውን። ከዚያ ግራ ተጋባ።

«ፊትሽ ላይ ምንም የለም እኮ» አለኝ።

መስታወቴን አወጣሁ። እውነቱን ነው። አቧራው፣ ላቡና እንባው ተባብረው ጠርገውታል። የቀረ ካለ የዚያች እናት ትከሻ ላይ ነው። አምስት ሰዓት ተጉዤ ያመጣሁለት ማስረጃ የለም።

«ጠዋት ነበረ» አልኩት። «በሁለቱም ጉንጬ ነበረ። ያን ቀን ዋሽቼህ ነው፤ አላየሁትም ነበር፤ ከመብራቱ ሥር ነው የከፈትኩት። ዛሬ ግን አይቼዋለሁ። እመነኝ።»

«ስትዋሺኝ ያመንኩሽ ሰው» አለ፣ «እውነቱን ስትነግሪኝ ባላምንሽ ምን ልባል ነው?»

መስታወቱን ከእጄ ወስዶ ፊት ለፊቴ ያዘልኝ። «በይ ቅቢው፣ እኔም ልየው» አለኝ። ሳጥኑን አወጣሁ። ጥሩ ሳጥን ነው፣ ክዳኑ በወጉ የገጠመ፤ ጣቴ ደግሞ በላብ ያዳልጣል። ብጎትተው አልከፈት አለ፣ በጥፍሬ ብሞክረው አልከፈት አለ። ዕድሜዬን ሙሉ ክዳኑ የማይገጥም ሳጥን ስራገም ኖሬ በገጠመው መያዜ ገረመኝና ሳቄ መጣ።

እሱ መስታወቱን ቀስ ብሎ ዝቅ አደረገው።

«ተይው» አለኝ። «ቀለሙ ራሱ መጣ።»

ሳጥኑን ሳልከፍተው ወደ ቦርሳዬ መለስኩት።