ከቀለሙ በታች

ጉንዳን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። እናቷ ያወጡላት ስም ሌላ ነው፤ ነገር ግን ትንሽ ስለሆነችና ቁጭ ማለት ስለማትወድ ሁሉም ጉንዳን ይላታል። ቤታቸው ከሐይቁ ዳር ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው የአባቷ የእንጨት ጀልባ ነው። አባቷ በዚያች ጀልባ ሰው ያሻግራል።

ጀልባዋ በየዓመቱ ከውኃ ወጥታ፣ ግንድ ላይ ተደፍታ ትቀባለች። ልጆች፣ መቀባቱስ ቀላል ነው! ከባዱ ከዚያ በፊት ያለው ነው። አሮጌው ቀለም ይፋቃል። እንጨቱ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል። ስንጥቁ በስቱኮ ይደፈናል። ክንድ ይዝላል፤ አቧራው አፍንጫ ውስጥ ይገባል።

በዚህ ቤት ሁለት ደንቦች አሉ። ጀልባዋ ወደ ውኃ ስትመለስ ሁሉም ራሱ ካዘጋጀው ሳንቃ በላይ ይቀመጣል። ቀድሞ የጨረሰ ደግሞ የመጀመሪያውን ብሩሽ ያሳርፋል። ጉንዳን ያቺን ብሩሽ በጣም ፈልጋታለች።

"ዘንድሮ የምቀባው እኔ ነኝ!" አለች።

ታላቅ ወንድሟ ሳቀባት። "የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች" አላት።

"እናያለን!"

በአንዱ ጎን እሷ፣ በሌላው ወንድሟ ሥራ ጀመሩ። ጥርሷን ነክሳ ፋቀች። አንድ ጥቁር ቦታ ላይ ስትደርስ ግን መፋቂያው ስምጥ አለ። እንጨቱ ውኃ እንደነካው ዳቦ ሆኗል። በስብሷል ማለት ነው። አባቷ ደግሞ "ለስላሳ እንጨት ካገኘሽ ጥሪኝ፤ ሳንቃው መቀየር አለበት" ብሏት ነበር።

ልትጠራው አፏን ከፈተች። ወዲያው ከጀልባዋ ሌላ ጎን የወንድሟን የብርጭቆ ወረቀት ድምፅ ሰማች። ሊጨርስ ነው! አፏን መልሳ ዘጋች። ስቱኮውን በጣቷ እያፈሰች ጉድጓዱን ሞላችው፤ ሲደርቅም አሸችው። "ብትሰጥምስ ዋና እችል የለ!" አለች በልቧ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ቶሎ አትመልሱልኝ፤ እስቲ አስቡበት።

አባቷ መጣና እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፍኖ ሳንቃውን በመዳፉ ዳሰሰ። "ዓይን ይታለላል፤ መዳፍ አይታለልም" ይላል ሁልጊዜ። ያን ቀን ግን መዳፉም ተታለለ።

"ጎሽ የኔ ጉንዳን! ብሩሹ ያንቺ ነው።"

ሰማያዊውን ቀለም ቀባች። ደስ አላት? አዎ፣ ግን ደስታው ጉሮሮዋ ላይ ቀረ። ስትተኛ ልትጸልይ ብትል ቃሉ ጠፋባት። ጀልባዋማ አምራለች፤ ውስጡን ግን ለቄስ!

ቀለሙ ደርቆ፣ ጎረቤቶች ጀልባዋን ሊያቃኑና ሊገፉ በተሰበሰቡበት ጠዋት፣ አያቷ ጓዛቸውን ይዘው መጡ። ማዶ ላለው ሐኪም ዓይናቸውን ሊያሳዩ ነው።

"እኔ የምቀመጠው በጉንዳኔ ሳንቃ ላይ ነው። የእሷን ሥራ አምናለሁ" አሉ።

አያቷ ዋና አይችሉም። ጉንዳን ዙሪያዋን አየች። ያ ሁሉ ሰው እያያት ነው። ቢሆንም ጮኸች።

"እማማ፣ እዚያ አይቀመጡ! እንጨቱ በስብሷል። እኔ ነኝ የሸፈንኩት!"

ወንድሟ እንኳ አልሳቀም። አባቷ ቢላዋ አውጥቶ ሰማያዊውን ቀለም ወጋው። ቢላዋው እስከ እጀታው ገባ። የአባቷ ፊት ገረጣ።

"ጉንዳን፣ መሐል ሐይቅ ላይ ብንሆን ኖሮስ?" አላት ቀስ ብሎ። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

"አባባ፣ ይቅር በለኝ" አለች እያለቀሰች። "እኔው መልሼ እፍቀዋለሁ።"

"ክንድሽ ገና አላረፈም እኮ።"

"ይዛላ!"

እንባዋን ጠረገችና መፋቂያውን አነሳች። ያ የጓጓችለት የመጀመሪያ ቀለም እየተፈረፈረ እግሯ ላይ ረገፈ። አባቷ የበሰበሰውን ቆርጦ አዲስ ሳንቃ ገጠመ። እሷም ክንዷ እየዛለ አሸችው። አሁንማ ትንሽ ጥቁር ነገር ባየች ቁጥር "አባባ ና!" ትላለች። "ይሄ የእንጨቱ ጉጥ ነው፣ ልጄ! ተይኝ እንጂ!" እስኪላት ድረስ ጠራችው። አያቷ ግንድ ላይ ተቀምጠው ሳቁ። "ዓይኔ ጥቂት ቀን ይታገሣል" አሉ።

ሳንቃው ሲያልቅ አባቷ ብሩሹን ዘረጋላት። ጉንዳን ተቀብላ ለወንድሟ ሰጠችው።

"ቀድመህ የጨረስከው አንተ ነህ" አለችው።

ጀልባዋ ወደ ውኃ ስትወርድ አያቷ ጫማቸውን አውልቀው ባዶ እግራቸውን በጉንዳን ሳንቃ ላይ አሳረፉ። ጉንዳን ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች። ሐይቁ መሐል ሲደርሱ አያቷ ጎንበስ ብለው ሳንቃውን ዳሰሱ።

"ደረቅ ነው፣ ልጄ" አሏት።

ያኔ ነው ያ ጉሮሮዋ ላይ ቀርቶ የነበረው ደስታ የወረደላት።

ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ከቀለሙ በታች ያለውንም ያያልና፣ ጥፋታችሁን አትሸፍኑ፤ ተናገሩና አስተካክሉት።