ብሩክታይት የበሳችው ጣሪያ

ብሩክታይት የእናቷን ወስፌ ከስፌት ዕቃው መሀል መዝዛ መሰላሉን ወጣች። ወይዘሮ እታለማሁ በዚያ ወስፌ ስንት ሰፌድ ሰፍተውበታል፤ ልጃቸው ምን ልታደርግበት እንደወሰደችው ቢያዩ ግን ክው ብለው ይቀሩ ነበር። አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ የአባቷ ቤት ደጃፍ ላይ የቆመው ሞተርሆም ጣሪያ ላይ በደረቷ ተኛችና፣ ጣሪያ ሠሪው ኃይለልዑል ባለፈው ቅዳሜ አሳምሮ የቀባውን ነጭ ማሸጊያ ልክ ከአልጋዋ በላይ ባለው በኩል ብስ፣ ብስ፣ ብስ አደረገችው።

«አሁን ና» አለች። «ናና ጉድህን እይ።»

ሞተርሆሙን የገዛችው ርቃ ለመሄድ ነበር። መኝታውም ማድቤቱም እዚያው ውስጥ ያለ፣ በዕድሜ ከእሷ ብዙም የማያንስ ቤት የሚያክል መኪና ነው። አበሻ የሚበዛበት ሲልቨር ስፕሪንግ ብትሄድ፣ ቤተክርስቲያን ብትሳለም፣ ሱቅ ብትገባ፣ «ያቺ ሽማግሌ ተልኮላት የቀረባት ልጅ» የሚል ሹክሹክታ ይከተላታል። ብርዱ ሳይገባ ማንም ወደማያውቃት አገር መንዳት ነው የቀራት። ለዚያ ደግሞ መጀመሪያ ጣሪያው መድረቅ ነበረበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ያኔ ፍቅረኛዋ የነበረው ኃይለልዑል ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌ የተባሉት ጆኒና ኖህ ናቸው፤ እዚሁ ያደጉ ጓደኞቹ፣ የተዋሱትን ነጠላ እንደ ፎጣ አንገታቸው ላይ ጠምጥመው የመጡ። ምን ያድርግ? ገና ሕፃን ሳለ ነው እናቱ ይዛው የመጣችው፤ እሷ ካረፈች ወዲህ ዘመድ ብሎ የሚልከው ሰው አልነበረውም። አባቷ አቶ ገብረየስ እንግዶቹን አብልተው አጠጥተው፣ «ልጃችን ገና ናት፤ እኛም እንመካከር፤ ሂዱና ሌላ ጊዜ ተመለሱ» ብለው ሸኟቸው። ብሩክታይት ከጓዳ ሆና ሁሉንም ሰማች፤ ደስም አላት። ወግ ነው፤ ልጁን የሚወድ አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም። ለሁለተኛው ቀን የምትለብሰውን ቀሚስ ተኩሳ ሰቀለች።

ሁለተኛው ቀን አልመጣም። ደወለች፣ አላነሳም። ጻፈች፣ አልመለሰም። ቆይቶ ጀርመንታውን የሚባል ራቅ ያለ ከተማ ገባ የሚል ወሬ ሰማች። አክስቶቿ «ቀልዶባት ነው» አሉ፤ እሷም አመነች፤ ቀሚሱን ሳትለብሰው ለሰው ሰጠችው፤ ቂሟን ግን ለራሷ አስቀረችው።

ሞተርሆሙ ማንጠባጠብ ሲጀምር የሥራ ባልደረባዋ ሶሊ፣ የድሮውን ነገር ምኑንም የማታውቀው፣ «አንድ አበሻ አለ፣ የአርቪ ሩፍ፣ የሞተርሆም ጣሪያ የሚሠራ» ብላ ቀጠረችላት። ከፒክአፕ መኪናው የወረደው ኃይለልዑል ሆኖ ተገኘ። መሰላሉን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

«ብሩኬ…» አለ።

«እንደምን ዋሉ?» አለችው። «ጣሪያው ያፈሳል። ይሠሩታል ወይስ ሌላ ሰው ልጥራ?»

እርስዎ! ትናንት በአንድ ማንኪያ ይበሉ የነበሩ ሰዎች። በጥፊ ብታጮለው ይሻለው ነበር።

«እሠራዋለሁ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ከአሁን በኋላ ጠብ ካለ ደግሞ እየመጣሁ በነፃ አስተካክላለሁ። ቃሌ ነው።»

«ቃል?» ብላ ሳቀች። «የእርስዎን ቃልማ እናውቀዋለን።»

ግን ያንን ቃሉን ይዛ ጉድ ሠራችው። እሱ ቅዳሜ የሠራውን እሷ በሳምንቱ መሀል ትበሳዋለች፤ ከዚያ «አሁንም ያፈሳል» ብላ ትደውላለች። ቅዳሜ በመንገድ መጨናነቅ ተቀቅሎ ይደርሳል። በጠዋት ቀጥራው እኩለ ቀን ላይ ትወጣለች፤ መጠበቅ ምን እንደሆነ ይቅመሰው ብላ። በዚያ በጋለ ጣሪያ ላይ ተደፍቶ ሲፍቅና ሲያሽግ፣ እሷ ጥላ ሥር ወንበር አውጥታ ቀዝቃዛ ውሃዋን እየጠጣች ታየዋለች። አንድ ብርጭቆ እንኳ አላቀረበችለትም። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

አንድ ቀን ሶሊ ከነወስፌዋ መሰላል ላይ ያዘቻትና ታሪኩን ሁሉ አወጣጣቻት።

«ኧረ አንቺ ልጅ! ልሄድ ነው ትያለሽ፣ መሄጃሽን ራስሽ ትበሽዋለሽ። ሲሪየስሊ፣ የምትቀጪው ማንን ነው?»

«እሱን ነዋ!»

«ታዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ፀጉርሽን የምትሠሪው ለምንድነው?»

ብሩክታይት ተናዳ ከመሰላሉ ወረደች። ለአንድ ሳምንት ያህል ሶሊን አኮረፈቻት።

በመስከረም መጨረሻ ዶፍ ወረደ። ሥራ ውላ ስትመለስ ከአልጋዋ በላይ ያለው ጣሪያ ሆዱን ነፍቶ ጠበቃት፤ ከመሀሉ የበሰበሰ ጣውላ ተቦጭቆ ትራሷ ላይ ወድቋል። ያን ጊዜ ነው የደነገጠችው። ለካ ኃይለልዑልን በቀጣችው ቁጥር የገዛ ቤቷን ስታፈርስ ኖራለች።

ኃይለልዑል መጥቶ ጣሪያውን በአውራ ጣቱ ቢጫነው ጣቱ ሰመጠ። ከመኪናው ትልቅ ፋን አወረደ።

«ይሄ ምንድነው?»

«በሩንም መስኮቱንም ዘግተን አየር እንነፋበታለን። እኔ ከላይ የሳሙና ውሃ እቀባለሁ፤ ቀዳዳ ባለበት ሁሉ አረፋ ይወጣል።» ቀና ብሎ አያት። «ዛሬ ሁሉም ይታይ፣ ብሩኬ።»

አይሆንም እንዳትል በራሷ ላይ ማሳበቅ ይሆንባታል። «ይሁን» አለች በቁጣ።

ፋኑ ሲጮህ ቆየ። ከዚያ ከጣሪያው ላይ የኃይለልዑል ድምፅ መጣ፤ «ነይ ውጪ።»

ወጣች። ከአልጋዋ በላይ ባለው በኩል ትናንሽ አረፋዎች በአንድ መስመር፣ እንደ ሰፌድ ስፌት እኩል እኩል ተራርቀው፣ አንድ በአንድ እየተነፉ ነበር። ሁለቱም ተንበርክከው አዩአቸው።

«ማሸጊያ ሲሰነጠቅ በርዝመቱ ነው» አለ ኃይለልዑል ቀስ ብሎ። «ይሄ ሁሉ ክብ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ ያውቃሉ?»

«ከመጀመሪያው ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን ይመጣሉ?»

«ካልበሳሽው አትጠሪኝማ።»

እንባዋ መጣ። ላለማልቀስ ዓይኗን ስታሸሽ፣ ከአልጋዋ ግርጌ በላይ ካለው የአየር ማስወጫ ጥግ ቡጢ የሚያክል አረፋ ተነፍቶ አየች። እዚያ በኩል ወስፌዋ ዝር አላለም።

«ያቺስ?»

ኃይለልዑል ብሩሹን አስቀመጠ። ጆሮው ቀላ።

«ያቺ የኔ ናት» አለ። «የመጀመሪያ ቀን ሁሉንም አሽጌ እሷን ሆን ብዬ ተውኳት። አባትሽ እምቢ ሲሉኝ ከጓዳ ሆነሽ እየሰማሽ ዝም ማለትሽ ታወሰኝና፣ አልጋዋ ላይ ጠብ ይበልባት አልኩ። ቤቴ ገብቼ ዝናቡን ስሰማ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከዚያ በኋላ በመጣሁ ቁጥር ልደፍናት እልና፣ ከደፈንኳት አልመለስም ብዬ እተዋታለሁ።»

ብሩክታይት የሰማችው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

«ማነው እምቢ ያለህ?»

አንቱታው የት እንደገባ ሁለቱም አላስተዋሉም።

«አባትሽ ናቸዋ። ‹ሌላ ጊዜ ተመለሱ› ብለው እነጆኒን መለሷቸው።»

«ሌላ ጊዜ ተመለሱ ማለት ሌላ ጊዜ ተመለሱ ማለት ነው!»

«እዚህ አገር እኮ እንደዚያ አይደለም! ጆኒ በየሥራ ኢንተርቪው ‹ዊል ኮል ዩ› እየተባለ ሳይደወልለት የኖረ ልጅ ነው። ‹ብሮ፣ በጨዋ ደንብ ሪጀክት አደረጉን› አለኝ። እኔስ ማን ነግሮኝ ልወቅ?»

«እኔ ስደውልልህስ?»

«ይቅርታ ልትጠይቂኝ መሰለኝ። ‹አባቴን እምቢ ማለት አልቻልኩም› ስትይኝ መስማት አልቻልኩም።»

ብሩክታይት በሳሙና ውሃ የተነከረውን ስፖንጅ አንስታ በደረቱ ወረወረችበት። ከዚያ በእጇ መታችው። ሦስት ዓመት! በእናንተ ነጠላ ለባሾች የተነሳ ሦስት ዓመት ሰው አፍ ውስጥ ኖርኩ ብላ እየጮኸች፣ እያለቀሰች መታችው። አልተከላከለም። ሲደክማት እጇ ደረቱ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ፤ ልቡ ሲመታ ይሰማታል። ተያዩ፤ ረጅም ጊዜ ተያዩ። አረፋዎቹ እየፈነዱ አለቁ።

«አልማርኩህም» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«ሽማግሌ ትልካለህ። የምር ሽማግሌ። አባዬን ሦስቴ እንዲመልሷቸው እነግራቸዋለሁ።»

«ሦስቴ ይመልሱኝ።»

«አራቴ!»

«አራቴ» አለ፤ በዚያ ሁሉ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብሎ።

የበሰበሰውን ጣውላ አብረው ቆርጠው አወጡ። አዲሱን አብረው ገጠሙ። እሱ ማሸጊያውን ሲያፈስ እሷ ታለሰልሳለች፤ እጃቸው በተነካካ ቁጥር ሁለቱም ሥራ ያጠፋሉ። የሱን ቀዳዳ በገዛ እጇ ደፈነችው።

ከዚያ ጋሽ ንጉሴ የሚባሉ አዛውንት ጆኒን አስከትለው መጡ። አቶ ገብረየስ አብልተው አጠጥተው፣ «ሂዱና ሌላ ጊዜ ተመለሱ» አሉ። ጋሽ ንጉሴ ዕጅ ነስተው ሲወጡ ጆኒ በሩ ላይ ቆመ።

«ሶሪ፣ ጋሼ… ሌላ ጊዜ ሲሉ መቼ ነው? ካላንደሬ ላይ ላስገባው።»

አቶ ገብረየስ ወጉን ረስተው እስኪያነቡ ሳቁ። «እሑድ፣ የኔ ልጅ» አሉት።

በየእሑዱ መጡ፣ በየእሑዱ ተመለሱ። ኃይለልዑል መንገዱ ጥግ ፒክአፑ ውስጥ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን ሲበላ፣ ብሩክታይት በመጋረጃው ታየዋለች። ልቧ ትንሽ ትንሽ እየራራ፣ ግን ከአራቱ አንድም አላሳነሰችለትም። በመጨረሻው እሑድ ዝናብ እየወረደ አባቷ እሺ አሉ።

ሠርጋቸው አልፎ ሞተርሆሙን ይዘው ወደ ቨርጂኒያ ተራሮች ሄዱ። የመጀመሪያው ንጋት ላይ ጣሪያውን ዝናብ ይደበድበው ጀመር። ኃይለልዑል በእንቅልፉ ግንባሩን አበሰ። ደግሞ አበሰ። ከዚያ ብድግ አለ።

«ኧረ! ያፈሳል! በአረፋ ፈትሼዋለሁ እኮ፤ አንድ ቀዳዳ አልነበረም!»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ የተኛችው ብሩክታይት ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ብሩኬ?»

ብርድ ልብሱን ወደ አፏ ሳበች።

«ብሩክታይት! ልክ ከትራሴ በላይ?»

«ያቺ የኔ ናት» አለችው ሳቋን መያዝ አቅቷት።

ከዚያ ብርድ ልብሱን ገለጠችና፣ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ በደረቁ በኩል ቦታ ለቀቀችለት።