የሁለተኛው ሳምንት እጅ

«ከሥሩ ነው እንጂ! ጫፉ ከቀረ ያስታውቃል» አለች ጓደኛዋ።

ላጲስ ገጹን ከሥሩ ቀደደችው። ደብተሩን በጉልበቷ ይዛ፣ ጣቶቿን ወደ ስፌቱ አስጠግታ፣ ቀስ እያለች ወደ ታች ሳበችው። ምንም ጫፍ አልቀረም።

የምሳ ዕረፍት ነበር። ክፍሉ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ሰው የለም። ላጲስ እውነተኛ ስሟ አይደለም፤ ወረቀት እስኪሳሳ ድረስ እያጠፋች እንደገና ስለምትስል የክፍል ልጆች ያወጡላት ነው። ጓደኛዋን ደግሞ ሬዲዮ ይሏታል። ለምን እንደሆነ አጠገቧ አምስት ደቂቃ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል።

«እጅ ነው ብለሽ ነው? ሙዝ ነው» አለች ሬዲዮ፣ የተቀደደውን ሥዕል ዘቅዝቃ እያየች። «አምስት ሙዝ። እንኳን ወጣ። ሌላው ሁሉ አሪፍ ሆኖ አንድ ቀሽም ካለ የቲቸር ዓይን እሱ ላይ ነው የሚያርፈው።»

የሥዕል መምህሩ በዓመቱ መጀመሪያ ሁሉም ተማሪ የንድፍ ደብተር እንዲይዝ፣ በየሳምንቱ አንድ ነገር አይቶ እንዲነድፍ አዘው ነበር። ደብተሮቹን ነገ ይሰበስባሉ። አንዱ ይመረጣል። የተመረጠው ቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ላይ ባለው የመስታወት ሣጥን ውስጥ አንድ ዓመት ይቀመጣል። ላጲስ በምንም ነገር ተመርጣ አታውቅም። ይህን ፈልጋዋለች።

ደብተሩን ቦርሳዋ ውስጥ ልትከት ስታነሣው ሌላ ወረቀት ሾልኮ ወለሉ ላይ ወደቀ።

የሰባተኛው ሳምንት ሥዕል ነበር፦ የአባቷ ሁለት እጆች መርፌ ውስጥ ክር ሲያስገቡ። ከሃያ አራቱ ሥዕሎች ሁሉ የምትኮራበት እሱ ነው።

«ይሄን ደሞ ማን ነካው?» አለች ሬዲዮ።

ላጲስ ወረቀቱን ከወለሉ አነሣች። ፊቷ ጋለ። ማንም ባያውቅ እሷ ማወቅ ነበረባት። ደብተሩን የሰፋችው ራሷ ናት።

አባቷ መጽሐፍ ጠራዥ ነው። ሌሎቹ ልጆች ደብተር ከሱቅ ሲገዙ እሱ ከሚሠራበት ማተሚያ ቤት የተረፈ ወፍራም ወረቀት አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላትና እጁን ሊታጠብ ሄደ። «አንተ አትሰፋልኝም?» ብትለው «ደብተሩ የማን ነው?» አላት። በቃ። ወረቀቱን አራት አራት አድርጋ አጠፈች። እጥፋቱን በማንኪያ ጀርባ ተጫነች፣ በወስፌ በሳች፣ ክሩን ሰም ቀባች። ሁለት ጊዜ ተንሻፈፈባት፤ ሁለት ጊዜ ፈታችው። በሦስተኛው አባቷ ደብተሩን ከፍቶ ዘጋና «ይከፈታል» አለ። ከእሱ አፍ ይህ ብዙ ነው።

አንድ ወረቀት መሐሉ ላይ ሲታጠፍ ወዲህ አንድ ገጽ፣ ወዲያ አንድ ገጽ ይሆናል። ክሩ የሚይዘው መሐሉን ነው። አንዱን ከሥሩ የቀደደ ሌላውንም ለቆታል። የቀደደችው የሁለተኛው ሳምንት ሥዕልና የሰባተኛው አንድ ወረቀት ነበሩ።

ከትምህርት በኋላ ሁለቱን ቅዳጆች ደብተሩ ውስጥ አድርጋ ወደ ማተሚያ ቤቱ ሄደች። አባቷ መስኮቱ ሥር ካለው ረጅም ጠረጴዛ ፊት ቆሟል። ከጎኑ ወረቀት የሚያጥፉት እትዬ ተቀምጠዋል። እሳቸው እዚያ ቤት የገቡት ከማሽኖቹ ሁሉ በፊት ነው።

«አባዬ፣ ደብተሬ ተበላሸ።»

ተቀብሎ ስፌቱን አየ። «ተበላሸ ወይስ አበላሸሽው?»

«ቀደድኩት።»

«እህ።»

ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን ዘረጋቸው። እትዬ አንገታቸውን አሰገጉ። የሁለተኛውን ሳምንት እጅ ሲያዩ እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ኧረ የኔ ልጅ! አባትሽ በዚህ እጅ መርፌ ሊይዝ? ድንችም ያመልጠዋል!»

አባቷም ፈገግ አለ። ከዚያ ወደ ጥሩው ሥዕል ጠቆመ።

«ይሄ የማን እጅ ነው?»

«ያንተ ነዋ።»

«የኔ?»

እጁን ሥዕሉ አጠገብ አሳረፈ። አውራ ጣቱ ከጫፏ ወደ ውጭ ጎብጣለች። ሠላሳ ዓመት እጥፋት ስትጫን እንዲህ ሆነች። ሥዕሉ ላይ ያለችው ግን ቀጥ ያለች፣ ጥፍሯ የሚያምር ጣት ናት።

ላጲስ ያን ቀን አስታወሰች። መጀመሪያ ጎባጣዋን ነበር የሳለችው። ከዚያ አጠፋቻትና አቃናቻት። እንዲያምር ብላ ነው። እንዲያምር ብቻም አይደለም። በወላጆች ስብሰባ ቀን ሬዲዮ ጠጋ ብላ «አባትሽ ጣቱን ምን ሆኖ ነው?» ብላት ነበር። ላጲስም እንዳልሰማች ሆና አለፈችው።

አባቷ ወደ መጥፎው ሥዕል ዞረ። አራቱ ጣቶች በእርግጥ ሙዝ ናቸው። አምስተኛዋ ግን ጎብጣለች፤ በቦታዋ፣ በልኳ።

«ይቺ የኔ ናት» አለ። አውራ ጣቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣት። «ሥራውን ያስተማሩኝ ሰውዬም እንዲህ ያለች ነበረቻቸው። የኔ ስትጎብጥ ነው ‹አሁን ሠራተኛ ሆንክ› ያሉኝ።»

«እስቲ ዞር በል!» አሉ እትዬ፣ የራሳቸውን እየቀሰሩ። «የኔ ትበልጣለች። አንቺ ልጅ፣ ፍረጂ!»

ላጲስ ጎንበስ ብላ ሁለቱን አውራ ጣቶች አየች። የእትዬ ትበልጣለች። አባቷ ግን ሲያያት ያንን አልተናገረችም።

«ጥሩውን ብቻ ለጥፈሽ ብታስገቢው ማንም አያውቅም» አለ አባቷ። «ኮላው ያውልሽ። ሁለቱንም ካልሽ ግን ስፌቱ ይፈታል፤ ሥራው ከባድ ነው።»

ላጲስ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች።

«ወስፌውን ስጠኝ።»

ክሩን ፈታች። ሁለቱን ቅዳጆች በቀጭን ጠንካራ ወረቀት አያያዘችና እስኪደርቅ ጠበቀች። እጥፋቱን መልሳ ስትጫን ማንኪያ አልነበራትም፤ በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ነጩ ክር ስላለቀ በቡናማ ሰፋች። ጥገናው ያስታውቃል። አባቷ ደብተሩን ከፍቶ ዘጋ።

«ይከፈታል።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ መምህሩ ላጲስን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ አስጠሯት። ሬዲዮ ሳትጠራ ተከተለቻት። የሣጥኑ መስታወት ተነሥቶ ደብተሩ ከጎኑ ተቀምጧል። ላጲስ ከሩቅ በቡናማው ክር አወቀችው። እግሯ ቆመ።

«ነይ እንጂ» አሉ መምህሩ። «ብዙ ደብተር አገላበጥኩ። አንዳንዱ ውስጥ ጥሩ ጥሩው ብቻ ነው የቀረው፤ ልጁ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ አይታይም። ያንቺ ውስጥ ይታያል። የተመረጠው ያንቺ ነው። እንግዲህ ሣጥኑ ውስጥ የሚከፈተው አንድ ቦታ ብቻ ነው። የቱ ይሁን?»

«ይሄማ ምን ያስጠይቃል ቲቸር!» አለች ሬዲዮ። «ክር የሚያስገባው ነዋ!»

ላጲስ ሰባተኛውን ሳምንት ከፈተች። ያምራል። የሠራችው እሷ ናት፤ ማንም አይወስድባትም። ጥቂት አየችውና ገጾቹን ወደ ኋላ ገለበጠች። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ስትደርስ ጥገናውን በመዳፏ ተጭና ዘረጋችው።

«አበድሽ እንዴ? ሙዙን?» አለች ሬዲዮ።

«ሙዙን።»

መምህሩ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፍተው ሥዕሉን ቀረብ ብለው አዩት። አራቱን ጣቶች አልፈው አምስተኛዋ ላይ ቆዩ።

«ይህች አውራ ጣት…»

«የአባቴ ናት» አለች ላጲስ። ቶሎ ነበር ያለችው፣ ጮክ ብላ። «መጽሐፍ ጠራዥ ነው።»

መስታወቱ ተከደነ።

ቅዳሜ አባቷ የሚሠራው እስከ ቀትር ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ደግሞ እስከ አሥር ሰዓት ክፍት ነው። ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ትጠብቀዋለች። እጁን ሳይታጠብ፣ ኮላው እንደደረቀበት ወደ መስታወት ሣጥኑ ይዛው ትሄዳለች።